ያለ ማዘዣ

ቡሬ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከወፍጮው አጥር ሥር
የኔ መድኃኒት ቤት አለች፤ አንድ መስኮት፣ አንድ በር።
ከግድግዳዋ ማዶ ጂም ነው፤ ጂም ካሉት ቆርቆሮ ቤት፣
ቸርኬ የሚነሳበት፣ ሲሚንቶ በጣሳ የደረቀበት።
ብረቱ መሬት ሲመታ መደርደሪያዬ ይንቀጠቀጣል፤
የሳል ሽሮፑ ብልቃጥ ካጠገቡ ይጋጫል።
"አንድ! ሁለት! ግፋ!" ሲሉ እኔም አብሬ እቆጥራለሁ፤
በዚያ ቁጥር ነው ዛሬም ሌሊት የምባንነው፣ ልንገራችሁ።

አንሙት መጣ አንድ ማክሰኞ፣ ትከሻው በሩን ሞልቶት፤
የዳሞት ልጅ፣ የበርበሬ ማዳበሪያ ሲጭን ያደገበት።
"አዝመራ፣ ትከሻዬን ነው፤ ሲቆረጥመኝ አደረ ሌት፤
ያችን ቢጫዋን ስጪኝ፤ ነገ መቶ ሃያ አለብኝ ማንሳት።"
ማዘዣ አልጠየቅሁትም። ማን ይጠይቃል ለሷ?
አሥር ፍሬ በአንድ እሽግ፤ ከማስቲካ ቢበልጥ በጥቂት ነው ዋጋዋ።
"ከምግብ በኋላ" አልኩት። እሱ ግን በሩን አልፏል፤
ምክሬ ከደጅ ቀርቶ ከበርበሬው ብናኝ ተደባልቋል።

ሐሙስ ደግሞ መጣ። ቅዳሜ። ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም።
ሁለት ነበር፣ አራት ሆነ፤ "ካልዋጥኩ ገላዬ አይሞቅም።"
ጓደኞቹም ለመዱ፤ ይታይህ፣ ልየው፣ ቢያዝን፤
በሁዳዴ ሳይቀር፣ ሆድ ባዶውን፣
እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ታስሮ፣ ክኒን ብቻ ተፈቶ፤
ውሃም የለ፤ "ውሃ ያሳብጣል" ብሏል አንዱ፣ ወሬ አምጥቶ።

ሕመም እኮ ነጋሪ ነው፤ አፉ መራራ፣ ቃሉ ግን እውነት፤
የቀበሌ ጥበቃ ነው፣ ፊሽካ የሚነፋ እኩለ ሌሊት።
እኛ ፊሽካውን ቀማነው፤ "ተኛ" ብለን አስተኛነው፤
ጸጥ ሲል ሰላም አልነው፤ ጸጥ ሲል ጤና አልነው።
የሚታየው ያምራል፤ ክንድ እንደ ግንድ፣ ደረት እንደ ጋሻ፤
ውስጥ ውስጡን ሆድ ይላጣል፣ እንደ አሮጌ ቤት ምርጊት፣ ሳይሰማ እስከ መጨረሻ።
የደም ግፊት ደረጃውን ይወጣል፣ ሳያሰማ ኮቴ፤
ይህ ሁሉ ተቆጥሮ የሚወጣው ከእጄ ነው፣ ከቤቴ።

በሰኔ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ልጆቹ ሲጮሁ፣
"መቶ አርባ!" ሲሉ ሰማሁ። ብረቱ ሲወድቅ ግን አልሰማሁ።
ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው፣ አሉኝ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፤
ከዚያ በሬ ላይ ቆመ፣ ፊቱ አብጦ፣ ጠፍቶት ብርሃን።
"አዝመራ፣ ሽንቴ ጠፋ፤ ቁርጭምጭሚቴም አበጠ፤
ያስመለሰኝም ነገር የቡና አተላ መሰለ።"
ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ያንኑ እጅ፣ እንደ ወትሮው፤
"እስኪ ያችን ቢጫዋን ስጪኝ፤ ወገቤን ወጋኝ፣ ምንድነው?"

ያን ቀን ከለከልኩት። ያን ቀን ብቻ። አራት ዓመት ዘግይቼ።
በባጃጅ ሆስፒታል፤ ከዚያ ባሕር ዳር፣ የሌሊት መኪና ለምኜ ይዤው ወጥቼ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ "ምን ይወስድ ነበር?" አለች።
"መድኃኒት አልወስድም እኔ" አላት። ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች።
አልዋሸም እኮ፤ አንሙት ያችን ከመድኃኒት አይቆጥርም፤
ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነገር ሰው ይጎዳል አይልም።
እናቱ ኮሪደር ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣
"ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የምታውቅ ጌታ..."
ኩላሊቱ ምን እንዳጤሰ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም፤
በጸሎቷ መሃል ስሜን ጠራች፤ መረቀችኝ። ቀና አላልኩም።

አሁን በሳምንት ሁለቴ ደሙ በማሽን ይታጠባል፤
ከቡሬ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ቡሬ፣ የሚኒባሱ ረዳት ያውቀዋል።
ያን ስም ያወጡለት ሁለት ልጅ ቀብረው ነው አሉ፤
"ይበቃናል፤ እንግዲህስ አንሙት" ተባባሉ።

ከግድግዳዬ ማዶ ቆጠራው ዛሬም አለ፤
ብልቃጤም ይጋጫል፣ እንደ ድሮው፣ እንዳለ።
ትናንት ማታ አንድ ጎረምሳ፣ ጢሙ ገና ያልጠቆረ፣
ክርኑን እያሸ ገብቶ ሳንቲሙን ባንኮኒ ላይ ደረደረ።
"ያችን ቢጫዋን..." አለኝ። ወንበር ሳብኩለት። "ተቀመጥ።
የቱ ጋ ነው? ከመቼ ወዲህ? ውሃስ ትጠጣለህ?" ብለው፣ ቁጥጥ፤
"እንዲህ ከሆነ ማዶ እገዛለሁ" ብሎ ሳንቲሙን ሰብስቦ ወጣ።
ማዶ ሁለት መድኃኒት ቤት አለ፤ መብራታቸው ገና መምጣቱ፣ ጄኔሬተሩ ሲንጣጣ።

ደጅ ወጥቼ ልጠራው ብል ስሙን አላወቅሁትም፤
"አንሙት!" ብዬ ጮኽኩ።
ልጁ መንገድ መሃል ቆመ። ስሙ ግን አልነበረም።